ቀርከሃ ነው ብላ ለቆራሌው ሸጠችው

የዛሬው ጉዳዬ ወንበር ነው። አትሳቁ፤ በወንበር የተነሳ ትዳር ሲናጋ አይቻለሁ።

ካገባች ገና ስድስት ወሯ የሆነ ጓደኛዬ ባለፈው ሳምንት ዓይኗ አብጦ መጣች። ባሏ ካኮረፋት አራተኛ ቀኑ ነው። "ምን አድርገሽው ነው?" ብላት፣ "ያንን አሮጌ የቀርከሃ ወንበር ለቆራሌው ሸጥኩት" አለችኝ። መቀመጫው ረግቦ እንግዳ ፊት አሳፍሯት ነበር። ለካስ ወንበሩን ሟቹ አማቷ ከውጭ አገር ሲመለሱ ያመጡት ኖሯል፤ ባሏም ፊደል የቆጠረው እዚያው ወንበር ላይ፣ አባቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ነው።

"ለቀርከሃ ይሄ ሁሉ ኩርፊያ?" ስትለኝ ግን አላስቻለኝም። ወንበሩን አውቀዋለሁ፤ ቀርከሃ ሳይሆን ራታን ነው።

ቀርከሃ የሣር ወገን ነው፤ የአብዛኛው ዓይነት ውስጡ ባዶ። ራታን ግን እንደ ሐረግ የሚወጣ ዘንባባ ነው፤ ውስጡም ድፍን። በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ደኖች የሚበቅለው፣ አገሬው "ማናው" የሚለው ዓይነት፣ ከ100 ሜትር በላይ ይረዝማል። ታዲያ ያን ያህል ረዝሞ ራሱን ችሎ አይቆምም! እንደ መንጠቆ በተቆለመሙ እሾሆቹ ትልልቅ ዛፎችን እየያዘ ነው ወደ ፀሐይ የሚወጣው። ቆራጮቹ ከሥሩ ቆርጠው፣ እየጎተቱ አውርደው፣ እሾሃም ልባሱን ይገፉታል። ከዚያ እርጥበቱና ሙጫው እንዲወጣለት በትኩስ ዘይት ይቀቅሉታል። በእንፋሎት ሲሞቅ እንደፈለጉ ይታጠፋል። ማናው ግንዱ አንድ ብቻ ስለሆነ አንዴ ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም። ኢንዶኔዥያም ሥራው ለራሷ ወንበር ሠሪዎች ይቅር ብላ እ.ኤ.አ. በ2012 ጥሬው ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ከልክላለች።

የረገበው መቀመጫስ? በራታን ልጥ የተጠለፈ ከሆነና ካልተበጠሰ መላው ቀላል ነው። ወንበሩን ገልብጣችሁ ከሥሩ በኩል በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ አርሱት፤ ሰው ሳይቀመጥበት ጥላ ውስጥ ይደር። ሲደርቅ ይሰበሰባል። የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የእግሩን ጫፍ እዩ፤ ቀዳዳ ከሆነ ቀርከሃ ነው። (ፕላስቲኩንም ራታን እያሉ የሚሸጡ አሉ። እሱስ ለጓሮ ይሁን።)

ጓደኛዬን ይዤ ምናለሽ ተራ ወረድን። ግማሽ ቀን ስንዞር ውለን አገኘነው። ሻጩ ዓይኗን አይቶ ዋጋውን ከሸጠችበት ሦስት እጥፍ አደረገው። ሳትከራከር ከፈለች።

ማታ ባሏ ሲገባ ወንበሩ ከቦታው አለ። ምንም አላለም አሉ። ኮቱን አውልቆ ተቀመጠበትና፣ "ቡና የለም እንዴ?" አላት።