ጋዜጣው ምስክር ነውን?

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ቤታችን መተላለፊያ ላይ ሁለት ጓደኞቼ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ጠቡ የተነሣው በኅዳር 2016 ዓ.ም. በአርሲ፣ በሽርካ ወረዳ ስለ ተገደሉት ሰዎች ነው። አንደኛው ባለሥልጣኖች ታጣቂውን ቡድን የከሰሱበትን የጋዜጣ ቁራጭ ይዞ «ገዳዩ ይኸው ታትሟል» ይላል። ሁለተኛው ቡድኑ ክሱን ማስተባበሉን የሚያወራ ሌላ ቁራጭ አውጥቶ «ይኸም ታትሟል» ይላል። ወዲያው ነገሩ ገዳዩን ትቶ ወደ ብሔር ዞረ፤ የአንተ ወገን፣ የእኔ ወገን ተባለ። እኔ የጎበሳ ልጅ ነኝ፤ ጎበሳም የዚያው የሽርካ ወረዳ ከተማ ናት። ይህን እያወቁ ሁለቱም «አንተስ ምን ሰማህ?» አላሉኝም፤ ቁራጫቸውን እያነበቡ እኔኑ ያስተምሩኝ ጀመር። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው።

ውድ አንባብያን፣ ልብ በሉልኝ፤ ሁለቱም ቁራጮች አልዋሹም። እገሌ እንዲህ አለ ይላሉ፤ እገሌም በእርግጥ ብሏል። ነገር ግን እገሌ ማለቱና ነገሩ መሆኑ ለየብቻ ናቸው። ዳኛ ፊት የቀረበ ምስክር «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ተብሎ ይጠየቃል። ጋዜጣ ሲሆን ግን ይህን ጥያቄ እንረሳዋለን። ሃያ ሠላሳ ዓመት በመደርደሪያ ላይ የሰነበተ እንደሆነማ አቧራው ራሱ እንደ ማኅተም ይቈጠርለታል።

በወመዘክር ወይም በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የድሮ ጥራዞችን የገለበጠ ሰው ይህን ያውቃል። በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው አዲስ ዘመን ዓመታት ሙሉ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወድስ ኖሮ፣ በ1967 ዓ.ም. በዚያው ስሙ ሲኰንናቸው ይገኛል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረኀብ ሲረግፍ፣ የዚያን ዓመት ጋዜጣ ብቻ አንብቦ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ምን ብሎ ሊፈርድ ነው? እዚሁ ጎረቤታችን በባሌ በ1950ዎቹ ስለ ተነሣው ዐመፅስ? የጋዜጣ ዝምታ የሚነግረን የሳንሱሩን መቀስ እንጂ የአገሩን ሰላም አይደለም።

አሁን ወደ አኖሌ ልምጣ፤ አርሲዎችን ከሌላው ጋር አብዝቶ የሚያነታርከን እርሱ ነውና። አኖሌ ከኢተያ አጠገብ በሄጦሳ ወረዳ ያለ ስፍራ ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በራስ ዳርጌ መሪነት አርሲን ባስገበሩበት ዘመን፣ በ1878 ዓ.ም. ገደማ፣ በዚያ ስፍራ የሰው እጅና የሴት ጡት ተቈረጠ እየተባለ በአርሲ ሽማግሌዎች ዘንድ ሲነገር ኖሯል። በ2006 ዓ.ም. ለዚሁ መታሰቢያ ሐውልት ቆመ። አልተፈጸመም የሚሉም ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «በዘመኑ ጋዜጣ ላይ የለም» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የትኛው ጋዜጣ? አእምሮ የሚባለው እንኳ በአዲስ አበባ መውጣት የጀመረው ከዚያ ከዐሥር ዓመት በላይ ቈይቶ ነው! በሌላው ወገን የተነሣው ደግሞ የ2006ቱን ጋዜጣ አውጥቶ «ይኸው ተጽፏል» አለ። የ2006ቱ ጋዜጣ የሚመሰክረው በ2006 ሰዎች ስለ አኖሌ ምን እንደ ተባባሉ ነው፤ በዚያ ላይ ጥሩ ምስክር ነው። በ1878 ስለሆነው ግን የሽማግሌው ቃል፣ የተጓዡ ማስታወሻና የዘማቹ ደብዳቤ ይጠየቁ፤ እነርሱም ቢሆኑ መስቀለኛ ጥያቄ አይቅርባቸው። ሽማግሌም ከአባቱ የሰማውን እንደ ዐየው አድርጎ ይናገራል፤ የእኔ አያት ራሳቸው እንዲህ ያደርጉ ነበር።

የአርባ ጉጉም ነገር እንዲሁ ነው። በ1984 ዓ.ም. ሰው በዘሩ ሲገደል የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ገና አልወጣም ነበር፤ የወጣው በ1985 ነው። የዚያን ዓመት ወሬ ስንመዝን ማን እንዲናገር ተፈቅዶለት እንደ ነበረ አብረን እንመዝን።

ይህን ስል ጋዜጣ ይቃጠል ማለቴ አይደለም። የሩዋንዳውን ካንጉራ የተባለ ጋዜጣ አስቡ። አሩሻ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2003 እ.ኤ.አ. አዘጋጁን የፈረደበት ራሱ ያሳተማቸውን ገጾች ጭምር በማስረጃነት ይዞ ነው። ነገር ግን ገጾቹ የተያዙበት በእርሱ ላይ ነው፤ ቱትሲዎች እንዲህ ናቸው ብሎ የጻፈውን ማንም እንደ እውነት አልተቀበለለትም። እኛ የምናደርገው ግልባጩን ነው፤ የጥላቻውን ወረቀት የተጠላው ሰው ጥፋት ማስረጃ እናደርገዋለን።

ማኅበራችን በሚያዘጋጀው ክርክር ላይ ቁራጭ ይዞ የሚመጣ ሁሉ የወጣበትን ቀንና የጋዜጣውን ባለቤት፣ ወሬውን የነገረውንም ሰው ጭምር እንዲናገር ቢደረግ ጥሩ ነው እላለሁ። ያን ዕለት ሁለቱን ጓደኞቼን ይህንኑ ጠየቅኋቸው፤ ጸሐፊው ሽርካን ረግጦት ያውቃል ወይ አልኋቸው። አንደኛው ምናልባት ከኋላው ተጽፎ ይሆናል ብሎ ቁራጩን ገልብጦ አየ። ከኋላው ያለው የጨረታ ማስታወቂያ ነበር።