በስምንተኛው ቀን የሚደማው ልጅ

በግንቦት 2017 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ የተሰበሰበው የዓለም ጤና ጉባኤ፣ እምብዛም የማያጋጥሙ በሽታዎችን የተመለከተ የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል። እነዚህ በሽታዎች በዓይነት ከ7,000 ይበልጣሉ። በመላው ዓለም 300 ሚሊዮን ያህል ሰው ከእነርሱ ጋር ይኖራል። አብዛኞቹ ከዘር ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የሚጀምሩትም በልጅነት ነው። ጉባኤው የአሥር ዓመት የድርጊት መርሐ ግብር እንዲዘጋጅ አዟል። ኢትዮጵያም የጉባኤው አባል ናትና ውሳኔው እኛንም ይመለከተናል። ወደ እኛ ሀገር ወርዶ ምን እንደሚሠራ የሚታየው ግን በአንድ በሽታ ላይ ሲፈተን ነው። እኔ ደም እንደሚገባ የማይረጋበትን በሽታ፣ ሂሞፊሊያን፣ እመርጣለሁ።

የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። በእኛ ሀገር ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ራሱን ቶሎ ይገልጣል። በኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤተሰብ ወንድ ልጅን በተወለደ በስምንተኛው ቀን የመግረዝ ልማድ አለ። ሌላው ሕፃን ጥቂት ደምቶ ያቆማል። ሂሞፊሊያ ያለበት ግን ቆመ ሲባል እንደገና ይደማል፤ የተጠቀለለበት ጨርቅ ይቀየራል፣ የተቀየረውም ይርሳል፣ እንዲህ እያለ ይነጋል። ቤቱ የአራስ ቤት ነውና ደስታው ወዲያው ወደ ድንጋጤ ይለወጣል። አንዱ የገራዡን እጅ ያማል፣ ሌላው ዓይን ነው ይላል። ሕፃኑ ከተረፈ “እግዚአብሔር ይመስገን” ይባልና ነገሩ ይረሳል። ሁሉም በግርዛት ጊዜ ይደማል ማለት አይደለም፤ የደማው ልጅ ግን ምልክቱን ሰጥቷል፣ ያነበበለት የለም እንጂ።

የጥንት ሰዎች እንኳ ይህን ምልክት አንብበውታል። ዛሬ ታልሙድ በምንለው መጽሐፍ ላይ የተመዘገበ አንድ የአይሁድ ሊቃውንት ብያኔ አለ፦ ሁለት ልጆቿ በግርዛት ምክንያት የሞቱባት እናት ሦስተኛውን አታስገርዝ። ላብራቶሪ በሌለበት ዘመን፣ ከ1,800 ዓመታት ገደማ በፊት፣ ደም አለመርጋት በእናት በኩል እንደሚመጣ የጠረጠሩ ሰዎች ነበሩ።

ዛሬ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉ ፕሮቲኖች አንዱ ይጎድላል። የጎደለው ፋክተር 8 ከሆነ ሂሞፊሊያ ኤ፣ ፋክተር 9 ከሆነ ሂሞፊሊያ ቢ ይባላል። ጉድለቱ ያለው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ እናት ታስተላልፋለች፣ ወንድ ልጅ ይታመማል። በዚህ የተነሳ “ከአንቺ ዘር የመጣ ነው” ተብላ የምትወቀስ እናት አለች። ይህ ወቀሳ ግፍ ነው። ከሦስት ሕሙማን በአንዱ ያህል ቤተሰብ ውስጥ በሽታው ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም፤ የዘር ለውጡ አዲስ ነው። ተሸካሚ የሆነች ሴት ራሷም በወር አበባና በወሊድ ጊዜ ከልክ በላይ ልትደማ ትችላለችና ሐኪም ሊያያት ይገባል።

ቁጥሩን እንመልከት። ሰፊ መረጃ ሰብስቦ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከ100,000 ወንድ ልጆች 30 ያህሉ ሂሞፊሊያ ይዘው እንደሚወለዱ፣ ከእነርሱም 11 ያህሉ ከባድ ደረጃ ላይ እንደሆኑ አስልቷል። በኢትዮጵያ በዓመት ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ልጆች ይወለዳሉ። በዚህ ስሌት በየዓመቱ ከ500 በላይ ሂሞፊሊያ ያለባቸው ወንዶች ልጆች እናገኛለን፤ 200 ያህሉ በከባድ ደረጃ። ይህ የአንድ ዓመት ብቻ ነው። በሕክምና መዝገብ ላይ የሰፈሩት ግን ከዚህ ስሌት ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው። ታዲያ ሌሎቹ የት ገቡ?

ብዙዎቹ በጉልበታቸው በኩል ጠፍተዋል። ልጁ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር፣ ሳይወድቅ ሳይመታ ጉልበቱ ያብጣል፣ ይግላል፤ እግሩን አጥፎ ይይዘዋል እንጂ መዘርጋት አይችልም። ወደ ወጌሻ ይወሰዳል። ወጌሻው በቅን ልቦና ቅቤ ቀብቶ ያሸዋል፤ እጁ ያረፈው ግን ውስጥ ውስጡን እየደማ ባለ መገጣጠሚያ ላይ ነው። ጤና ጣቢያ የሄደውም ቁርጥማት ተብሎ ታፋው ላይ መርፌ ቢወጋ፣ የተወጋው ጡንቻ ይደማል። ደም በመገጣጠሚያ ውስጥ ደጋግሞ ሲጠራቀም ልም አጥንቱን ይበላል። ልጁ ገና አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጉልበቱ ይደርቅና በምርኩዝ ይሄዳል፣ ከትምህርት ቤት ይቀራል። አድጎ ጥርሱን ሲነቀል ለቀናት ይደማል። በማንኛውም ዕድሜ ደግሞ የጭንቅላት መድማት ሊገድለው ይችላል። እንጥል ማስቆረጥ ለየትኛውም ሕፃን አደገኛ ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን የሞት ፍርድ ሊሆን ይችላል።

ይህን ስጽፍ የአዲስ አበባው አራዳ ከዓይኔ አይጠፋም። ሰፈሩ ከዘመናዊ ሕክምናችን መነሻዎች መካከል ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች የጀመሩት ሥራ ለምኒልክ ሆስፒታል መንገድ ጠርጓል። ራስ ተፈሪ መኮንን በቤተ ሳይዳ ስም ያቋቋሙት ሆስፒታል፣ ዛሬ የካቲት 12 የሚባለው፣ ስድስት ኪሎ ላይ ነው። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ቢወረድ ጥቁር አንበሳ ይገኛል፣ የሀገሪቱ ትልቁ ሪፈራል ሆስፒታል። ለአራዳ ልጅ ርቀት ሰበብ ሊሆን አይችልም ነበር። ሆኖም በሆስፒታሎች መካከል ተወልዶ፣ የበሽታውን ስም ሳያውቅ ያደገ ልጅ ሊኖር ይችላል። መንገዱ ቀርቦለታል፤ የጎደለው የሚጠይቀው ሰው ነው።

አሁን ደግሞ መንገዱም ራቀ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በከፊል ሲፈርስ የዶሮ ማነቂያና የአካባቢው ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውሯል። በሂሞፊሊያ ሕክምና ሰዓት ሁሉ ነገር ነው፤ መድማት እንደጀመረ፣ ቢቻል በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ የጎደለው ፋክተር በደም ሥር መሰጠት አለበት። በእግሩ ይደርስ የነበረ ቤተሰብ ዛሬ ታክሲ ቀያይሮ ነው ያበጠ ጉልበት ያለው ልጅ ታቅፎ የሚመጣው። ከሩቅ ክልል የምትነሳ እናት መንገድማ ምን ያህል እንደሚረዝም አስቡት። ሰው ሲዛወር ሕክምናው አብሮት እንዲዛወር ማሰብ የከተማ ፕላን አካል መሆን አለበት።

ሕክምናው በሌላው ዓለም የታወቀ ነው። ልጆች ሳይደሙ አስቀድመው በሳምንት ጥቂት ጊዜ ፋክተር ይወስዳሉ፤ ወላጆች በቤት ማቀዝቀዣ አስቀምጠው ራሳቸው ይሰጣሉ። ለሂሞፊሊያ ኤ ደግሞ ከቆዳ ሥር የሚወጋ፣ በሳምንት ወይም በወር አንዴ የሚበቃ ኤሚሲዙማብ የሚባል መድኃኒት መጥቷል። እንዲህ የታከመ ልጅ ይማራል፣ ይጫወታል፣ ያረጃል። ፋክተር 8ም ሆነ ፋክተር 9 በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። እኛ ጋ ግን ሕሙማኑ በዋናነት የሚኖሩት የዓለም ሂሞፊሊያ ፌዴሬሽን በእርዳታ በሚልከው ነው። ለጋሹ ይመስገን፤ ነገር ግን የአንድ ልጅ ጉልበት በለጋሽ ችሮታ ላይ ተንጠልጥሎ መኖር የለበትም።

“ወባና የሳንባ ነቀርሳ እያሉ ለጥቂቶች እንዴት ይወጣል?” የሚል አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በጀቱም ጠባብ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምለምነው ውዱን ነገር አይደለም። ሕፃን ይዛ የመጣችን እናት “ሲገረዝ ብዙ ደማ? በእናትሽ ወገን ደም ፈሶት የሞተ ወንድ አለ?” ብሎ መጠየቅ ሳንቲም አያስወጣም። ኤፒቲቲ የሚባለው የደም መርጋት ምርመራ በውድ መሣሪያ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ቢያንስ በየክልሉ ሪፈራል ሆስፒታል ሳይቋረጥ መገኘት አለበት። የትኛው ፋክተር እንደጎደለ የሚለየውን ምርመራ ጥቂት ማእከላት ይያዙት። የታወቀው ልጅ በአንድ ሀገር አቀፍ መዝገብ ይግባ፣ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲላክም የሪፈር ወረቀቱ ታሪኩን ሙሉ ይያዝ። ቁጥሩ ሲታወቅ የመድኃኒት ግዢው በመንግሥት በጀት ላይ አንድ መስመር ሊያገኝ ይችላል፤ ያልተቆጠረ ሕመምተኛ ግን በጀት አይያዝለትም። ይህ ሰንሰለት ለሂሞፊሊያ ከተዘረጋ ለሌሎቹም ይሠራል፤ የሚጎድለው ተመሳሳይ ነውና፦ የሚጠይቅ፣ የሚለይ፣ የሚመዘግብ።

እስከዚያው ለወላጆች የምለው አለኝ። ልጃችሁ ሲገረዝ ደሙ አልቆም ካለ፣ ወይም ሳይመታ መገጣጠሚያው ካበጠ፣ አታሹት፤ ለወጌሻም አትስጡት፤ አስፕሪንም አትስጡት። ሆስፒታል ውሰዱትና “የደም መርጋት ምርመራ ይደረግለት” በሉ። “ምንም አይደለም” ብትባሉም ሳይመረመር አትመለሱ።