«ይቻላል»፤ ግን ለብቻ አይደለም

ከተማችን ውስጥ ገበያው የደራለት አንድ ሥራ አለ፤ ወጣቱን ማነቃቃት። አዳራሹ ጢም ብሎ ይሞላል፣ ተናጋሪው ማይኩን ይዞ መድረኩ ላይ ይንጎራደዳል፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላም ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ይጠራል። «ኃይሌ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት እየሮጠ ዓለምን ካሸነፈ አንተ ምን ይጎድልሃል?» ይላል። ጭብጨባ! ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ። ወጣቱ የጎደለው ወኔ ብቻ እንደሆነ ተነግሮት ይወጣል። ሥራ ካጣ ጥፋቱ የራሱ፣ ካላደገም ጥፋቱ የራሱ።

እኔ ከዚህ ስብከት ጋር ጠብ አለኝ። ከአትሌቶቹ ጋር ሳይሆን ታሪካቸውን ቆርጠው ከሚሸጡልን ሰዎች ጋር። ወኔ ያስፈልጋል፤ ሰነፍ ሻምፒዮን አላየንም። ወኔ ብቻውን ሜዳሊያ ሲያመጣ ግን መቼ አይተን እናውቃለን?

እስቲ በቆጂን እንውሰድ። አርሲ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከእሷና ከአካባቢዋ ነው የወጡት። አራቱም የኦሊምፒክ ወርቅ አላቸው። ነገሩ የወኔ ብቻ ከሆነ ወኔ በቆጂ ላይ ብቻ ዘነበ እንዴ? አየሩና ከፍታው ያግዛል፤ ግን ከፍታ ላይ የተቀመጠ ከተማ በአገራችን ሞልቷል። በቆጂ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበራት። ልጆቹን አይቶ የሚለይ፣ በጠዋት ሜዳ ላይ የሚያሠራ ሰው። ደራርቱ ከባርሴሎና ወርቅ ይዛ ስትመጣ ደግሞ ታናናሾቿ መንገዱን በዓይናቸው አዩት።

አሁን ራሳችሁን ጠይቁ። መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ «ና፣ ላሳይህ» ያላችሁ አለቃ ስንት ነው? አዲስ የገባ ልጅ ሲጠይቅ ሥራውን የሚደብቀውስ?

እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ የሆነውን አስታውሱ። ኃይሌ ለ10,000 ሜትር የቀረበው ጉዳት ይዞት ነበር። ከመሪዎቹ ወደ ኋላ ሲቀር ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ፍጥነታቸውን ቀነስ አድርገው ጠበቁት። በመጨረሻ ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኃይሌ አምስተኛ። ታላቃቸውን መጠበቃቸው ወርቁንም ብሩንም አላሳጣቸውም። እኛ ዘንድ ግን ጓደኛን መጠበቅ ሞኝነት፣ ጠልፎ መጣል ብልጠት ሆኗል።

የተናጋሪዎቹ አዲሱ ተወዳጅ ታሪክ ደግሞ የታምራት ቶላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ተተካ፤ 2፡06፡26 ሮጦ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። «አያችሁ? ጠብቁ፣ ቀናችሁ ይመጣል!» ይሉናል። የሚዘሉትን ልንገራችሁ። ይህ «ተጠባባቂ» በ2022 የዓለም ሻምፒዮን፣ በ2023 የኒውዮርክ ማራቶን አሸናፊ ነበር። ቀኑ ሲመጣ ዝግጁ ሆኖ የተገኘው ከዚያ በፊት መሮጫ ስላገኘ ነው። የእኛ ተጠባባቂ ግን ዲግሪውን ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሟል። ሰሌዳው «የሥራ ልምድ፦ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ» ይላል። ማንም ካላስጀመረው ልምዱን ከየት ያምጣው? መም ላይ ረግጦ የማያውቅን ልጅ «ለምን አላሸነፍክም?» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው።

አንድ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። የዓይን እርግብግቢት ታህል ልዩነት! ግን ሰዓቱ መዘገባት፣ ሁለቱም ተቀበሏት። «የማን ዘመድ ነህ?» ያለ ዳኛ አልነበረም። ሁለቱም የሮጡት ያንኑ 25 ዙር ነው፤ ሽጉጡም የተተኮሰላቸው እኩል ነው። በእኛ ቅጥርና ዕድገት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰዓት የት አለ? ሽጉጡ ሳይተኮስ መጨረሻው መስመር ላይ የሚገኘውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን።

«ይሄ ሰበብ ነው፤ ወጣቱን ታሰንፋለህ» የሚለኝ አይጠፋም። አላሰንፍም። በጠዋት ተነሡ፣ ሥሩ፣ ሙያችሁን ጥረቡ። ግን ከአትሌት የምንማር ከሆነ ሙሉውን እንማር። ስህተታችሁን ፊት ለፊት የሚነግራችሁ አሠልጣኝ ፈልጉ። አብረዋችሁ የሚሮጡ ጓደኞች ይኑሯችሁ፤ የቀደመ የቀረውን ይጠብቅ። ሥራችሁን በወሬ ሳይሆን በሚቆጠር ነገር ለኩ። ቀጣሪ የሆናችሁ ደግሞ ለጀማሪ አንድ መም ክፈቱ፤ ሰዓቱንም ለሁሉም እኩል ያዙ።

በሚቀጥለው ጊዜ አዳራሽ ገብታችሁ የኃይሌ ስም ሲነሣ እጃችሁን አውጡና አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ «ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ማን ነበሩ?» ኃይሌንና ደራርቱን ያሠለጠኑትን ሰው ሳያነሣ ስለ «ይቻላል» የሚሰብክ ተናጋሪ የመግቢያ ዋጋችሁን ይመልስላችሁ።