ለሕፃናት የሚታዘዝ አንቲባዮቲክ፦ የመጀመሪያው መጠን በባለሙያው ፊት ይሰጥ

በአፍ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ለሕፃናት በሚታዘዝበት ጊዜ ደኅንነቱ የሚመዘነው ብዙውን ጊዜ በሦስት ጥያቄዎች ነው። በሽታው በትክክል ተለይቷል? የተመረጠው መድኃኒት ተገቢ ነው? መጠኑ ከሕፃኑ ዕድሜና ክብደት ጋር ይመጣጠናል? ጥያቄዎቹ አስፈላጊ ቢሆኑም ሦስቱም የሚመለሱት በጤና ተቋሙ ውስጥ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ለአምስት ቀናት የታዘዘ መድኃኒት ግን አሥር ጊዜ ይሰጣል። ከአሥሩ ቢያንስ ዘጠኙ የሚሰጡት በቤት፣ በእናት ወይም በአሳዳጊ እጅ ነው። ስለዚህ የሕክምናው ደኅንነት በዋናነት የሚወሰነው እናቲቱ ከመድኃኒት ማደያው መስኮት ስትለይ በምትይዘው ዕውቀት ነው።

ጉዳዩ እንደ ደጀን ባለ ወረዳ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ደጀን ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ የዓባይን ሸለቆ አቋርጦ ደጋውን እንደ ወጣ የሚገኝ ከተማ ነው፤ ወደ ብቸናና ሞጣ የሚወስደው መንገድም ከዚሁ ይገነጠላል። ከከተማው ጤና ጣቢያ የተሰጠ መድኃኒት ወደ ደጋው ቀበሌ ሊሄድ ይችላል፤ ወደ ሸለቆው ሙቀትም ሊወርድ ይችላል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የሚቀመጠው መድኃኒት ምን ዓይነት ነው የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የደኅንነት ጥያቄ ይሆናል።

በዱቄት መልክ ተዘጋጅቶ በውሃ የሚበጠበጠው አሞክሳሲሊን በርካታ የስሕተት በሮች አሉት። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ ከጠርሙሱ ምልክት ማነስም ማለፍም የለበትም፤ ጠርሙሱ በተከፈተ ቁጥር በደንብ መነቅነቅ አለበት። ከተበጠበጠ በኋላም የሚያገለግለው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ከዚህም በላይ በአምስት ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራም የያዘና 250 ሚሊ ግራም የያዘ ጠርሙስ ስላለ፣ «አንድ ማንኪያ» የሚለው ትእዛዝ ብቻውን የመጠኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ሊያሰጥ ይችላል። የቤት ማንኪያም ከቤት ቤት ይለያያል። የአዋቂ ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን በዓይን ግምት ማካፈል ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው።

በውሃ የሚሟሟው ባለ 250 ሚሊ ግራም የአሞክሳሲሊን ክኒን አብዛኞቹን በሮች ይዘጋል። ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ መጠኑም በቁጥር ይነገራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ያሻሻለው መመሪያ የሳንባ ምች ላለበት ሕፃን በቀን ሁለት ጊዜ ለአምስት ቀናት እንዲሰጥ ያዛል፤ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ለሆነው በአንድ ጊዜ አንድ ክኒን፣ ከ1 ዓመት እስከ 3 ዓመት ሁለት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ሦስት። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ማለት ለእናቲቱ ከየትኛውም ማብራሪያ ይቀላል። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ሲታመም ግን በቤት ሙከራ ሳይደረግ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ይኖርበታል።

ኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብርን እ.ኤ.አ. በ2003 ጀምራ፣ በ2010 ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሳንባ ምችን በጤና ኬላ እንዲያክሙ መፍቀዷ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሠራተኛዋ የሕፃኑን ትንፋሽ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች፤ ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው ትላለች። የሕፃናት ሕመም የተቀናጀ ሕክምና መመሪያ ግን በዚህ አያበቃም። መድኃኒቱ ለምን እንደሚሰጥ መንገርን፣ አለካኩን ማሳየትን፣ እናቲቱ ራሷ ስትለካ መመልከትን፣ የመጀመሪያውን መጠን እዚያው እንድትሰጥ ማድረግንና የተረዳችውን በጥያቄ ማረጋገጥን ያካትታል። ችግሩ ይህ ክፍል እንደ ሕክምና ሳይሆን እንደ ትርፍ ደግነት መታየቱ ነው። ወረፋ ሲበዛ መጀመሪያ የሚታጠፈውም እርሱ ነው።

ለዚህ የሚቀርበው መከራከሪያ የጊዜ እጥረት ነው። መከራከሪያው ቀላል አይደለም፤ አንድ ባለሙያ በርካታ ታካሚዎችን በሚያስተናግድበት ቦታ ደቂቃ ውድ ነው። ይሁን እንጂ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ መጠኑ ተዛብቶ ሕፃኑ ሲባባስ የሚመለሰው ወደዚያው ወረፋ ነው፤ ያውም ሪፈር የሚያስፈልገው ሆኖ። ክኒን በንጹሕ ውሃ ወይም በታለበ የእናት ጡት ወተት ለማሟሟት ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። በባለሙያው ፊት መስጠት ሌላም ጥቅም አለው፤ ሕፃኑ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቢያስታውከው መጠኑ እንደገና ይሰጠዋል። ከዚህ በፊት በፔኒሲሊን ወገን መድኃኒት ሰውነቱ ሽፍ ብሎበት ወይም አብጦ ያውቅ እንደሆነም ከዚያ በፊት ይጠየቃል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ይበልጥ ከባድ ነው። በገጠር የብዙ ሕፃናት ችግር መድኃኒት ማነሱ እንጂ መብዛቱ አይደለም፤ ስለ አጠቃቀም ጥብቅ መሆን ተደራሽነትን ያጠባል የሚል ነው። ነገር ግን እዚህ የተጠየቀው መድኃኒት እንዲከለከል ሳይሆን የተሰጠው በትክክል እንዲደርስ ነው። ጉንፋን ለያዘው ወይም ውሃማ ተቅማጥ ላለበት ሕፃን የሚባክነው አሞክሳሲሊን የሳንባ ምች ለያዘው ሕፃን የሚቀርበውን ይቀንሳል፤ ለተቅማጡ የሚያስፈልገው ኦአርኤስና ዚንክ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ንግግሩ ከሚገባው ያነሰ የፔኒሲሊን መጠን ጀርሞችን መድኃኒቱን እንዲቋቋሙ እንደሚያደርጋቸው አስጠንቅቆ ነበር። ሳሉ ስለ ቀለለ በሦስተኛው ቀን የተቋረጠ፣ የተረፈውም ለታናሽ ወንድም የተቀመጠ መድኃኒት ማስጠንቀቂያውን እውን ያደርጋል።

ስለሆነም ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችና ለጤና ተቋማት ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ለሕፃናት በውሃ የሚሟሟው ክኒን በጤና ኬላ እንዳይቋረጥ ቅድሚያ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ በመድኃኒት ማደያው አጠገብ ንጹሕ ኩባያ፣ ማንኪያና የመጠጥ ውሃ ይዘጋጅ፤ የመጀመሪያው መጠን በዚያ መሰጠቱም በመዝገብ ይያዝ። ሦስተኛ፣ እናቲቱ ከመሄዷ በፊት መጠኑን፣ ሰዓቱን፣ የቀናቱን ብዛትና የቀጠሮውን ቀን በራሷ አንደበት ትናገር። ሕፃኑ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ ቀጠሮ ሳትጠብቅ እንድትመለስም ይነገራት። ሱፐርቪዥን የሚያደርጉ ባለሙያዎችም ስንት ክኒን እንደ ወጣ ብቻ ሳይሆን ስንት እናቶች አለካኩን አሳይተው እንደ ሄዱ ይጠይቁ።