ካሜራው ሲቀርጽ እጃችን የት ነበር?



ሰሞኑን ልጄ «ዳያሪ ኦፍ ዘ ዴድ» የተባለ ፊልም ሲያይ ደረስኩበት። ላጠፋው ብዬ አብሬው ተቀመጥኩ። ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ2007 በአነስተኛ ወጪ የሠራው ነው፤ ሙታን ተነሥተው ሰው ሲበሉ፣ የፊልም ተማሪዎች በእጃቸው ካሜራ እየቀረጹ ይሸሻሉ። ሐያስያን በፊልሙ አልተስማሙም፤ አንዳንዶቹ ዘመኑን ገሠጸ ሲሉ ሌሎቹ ስብከት በዛበት አሉ። እኔ ደሙንና ጭካኔውን ለልጆች አልመክርም። ሆኖም ወጣቱ ጄሰን ጓደኞቹ በጭንቅ ሳሉ እንኳ ካሜራውን አለማስቀመጡ ልቤን ነካው።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?» አልኩ። ልጄም፣ «እማዬ፣ አንቺስ ያን ቀን?» አለኝ።

በጸሎት ፕሮግራም አንዲት እኅት ተንበርክካ ስታለቅስ በስልኬ ቀርጫታለሁ። መልስ አጣሁ።

በሉቃስ 10 ያለው ሳምራዊ ቁስለኛውን አይቶ ቀረበ፤ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረለት። ይህ ሁለት እጅ ይጠይቃል።

በማግስቱ ቪዲዮውን አጥፍቼ እኅቴን ይቅርታ ጠየቅኋት። እናቶች ሆይ፣ ልጆቻችን የሚያዩትን እንከታተል፤ እኛንም እንደሚያዩን አንርሳ።