የመጫወቻዋን መኪና ከመጣላችሁ በፊት



ውድ አንባብያን! በዚህ ወር የእጅ ሙያ ገጻችን ወጣቶችንና ወላጆቻቸውን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጥ ሥራ ይዘን ቀርበናል። ጉዳያችን በሪሞት ኮንትሮል የምትነዳ መኪና ናት። ለዒድ በስጦታ የተገዛች፣ ወይም ጅዳና ዱባይ ካሉ ዘመዶች የተላከች መኪና ጥቂት ወራት ከሮጠች በኋላ፣ ሞተሯ እየዞረ አንዱ ጎማዋ አልዞር ሲል በብዙ ቤት የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ተበላሽታለች፣ ጣሏት!»። እኛ ግን በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ እንላለን። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከክብሪት እንጨት በማትበልጥ አንዲት ፒን ላይ ነውና።

ጥፋቱ የት ነው?

በቅድሚያ መኪኖቹን እንለይ። በርካሽ የሚሸጡት አብዛኞቹ ጎማቸው በቀጥታ ከፕላስቲክ ጥርስ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ይህ ጽሑፍ አይመለከታቸውም። ዋጋቸው ከፍ ያሉት ግን እንደ ትልቁ መኪና ሞላና ዲፈረንሻል አላቸው። ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። የዘንጉ ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ በኳሷ መሐል አንዲት ፒን ተሰክታ በግራና በቀኝ ብቅ ትላለች። ፒኗ የምትቀመጠው ጎንና ጎኑ በተሰነጠቀ ትንሽ የብረት ኩባያ ውስጥ ነው። ኩባያው ሲዞር ፒኗን ይገፋል፣ ፒኗ ዘንጉን፣ ዘንጉም ጎማውን ያዞራል።

ጎማው ጉብታ ላይ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ፒኗ በስንጥቁ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ትንሸራተታለች። አቧራ ሲገባበት ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃታል። በሰሚት የውስጥ ለውስጥ መንገዶች በበጋ አቧራውን፣ በክረምት ጭቃውን የሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ክብ የነበረችው ፒን ቀስ በቀስ በጎኗ ጠፍጣፋ ትሆናለች፤ ጠርዝ ስታወጣም በተራዋ ኩባያውን መብላት ትጀምራለች።

ምልክቱን ለማወቅ አያስቸግርም። ሞተሩ ቆሞ ጎማውን በእጅ ስናወዛውዘው ሰፊ ክፍተት ይሰማናል፤ መኪናዋ ስትነሳም «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ታሰማለች። በዚህ ጊዜ የሚለወጠው ፒን ብቻ ነው። ችላ ከተባለ ግን ኩባያውና ዘንጉም ይከተላሉ፤ እነርሱ ደግሞ ከውጭ ካልመጡ የማይገኙ ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ለኪስ ምን ያህል እንደሚከብድ ለወላጆች አንነግራቸውም።

ከታክሲው ሥር ያለው ትምህርት

ልጆች ሆይ! ከሰሚት ወደ መገናኛ የምትሳፈሩበት ሚኒባስ ሥርም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሞተሩ ከፊት ነው፣ የሚገፉት ጎማዎች የኋላዎቹ ናቸው፤ በመሐል ረጅም ዘንግ ይዞራል። በዘንጉ መጋጠሚያ ላይ መካኒኮቻችን ክሮቸራ የሚሉት መስቀለኛ ብረት ይገኛል። በአራቱ ጫፎቹ ላይ ቆብ መሰል ክዳኖች አሉ፤ በየክዳኑም ውስጥ እንደ መርፌ ቀጫጭን የሆኑ ጠንካራ ብረቶች በክብ ተደርድረዋል።

መካኒኩ ይህን ሲለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ሞርሳና ሁለት ቡሶላ ይበቁታል። ትንሹን ቡሶላ በአንድ ወገን፣ ትልቁን በሌላው ወገን አድርጎ ሞርሳውን ሲያጠብቅ ትንሹ ይገፋል፣ ትልቁ ይቀበላል። የእኛም መሣሪያ ከዚህ የተለየ አይደለም። የስሎቫኪያው ሁዲ ኩባንያ ለመጫወቻ መኪና ፒን መለወጫ ብሎ የሚሸጠው መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ በመግፋትና በመቀበል ዘዴ ነው።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ገፊው፦ ከፒኗ ጥቂት የቀጠነ የተሰበረ ፑንታ ፈልጉ። ፒኗ 2.5 ሚሊ ሜትር ከሆነች 2.3 ያህሉ ይስማማል። የፑንታውን ለስላሳ ወገን ቆርጣችሁ ጫፉን ቀጥ አድርጋችሁ ሞርዱት። ከዚያም ቶርኖ ቤት አንድ ወፍራም ቡሎን ጫፉ ላይ መሐል ለመሐል አስበስታችሁ ፑንታውን ስከኩበት። መጀመሪያ ብቅ የሚለው 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሁን፤ ፒኗ ከተነቃነቀች በኋላ ረዘም ባለው ይለወጣል። ከመነሻው ረጅም ከሆነ ይጣመማል ወይም ይሰበራል።

ተቀባዩ፦ ቀዳዳው ከፒኗ የሰፋ፣ ከኳሷ ግን የጠበበ ዳዶ ነው። የምትወጣው ፒን ቦታ እንዳታጣ ሁለት ሦስቱን ደራርቡ።

መግፊያው፦ ሞርሳ ነው። ገፊው፣ ፒኗና የዳዶው ቀዳዳ በአንድ መስመር መሆናቸውን በዓይን አረጋግጣችሁ ቀስ ብላችሁ አጥብቁ። በመዶሻ መምታት ግን አይገባም፤ ዘንጉ ይጣመማል፣ የኳሷም ቀዳዳ ይሰፋል። ፒኗ አልንቀሳቀስ ካለች በማጣበቂያ ተይዛ ሊሆን ስለሚችል የራዲዮ ጠጋኞች በሚበይዱበት ካውያ ኳሷን አሙቃችሁ ሞክሩ። በአንዳንድ መኪኖች ደግሞ ፒኗ የተያዘችው በትንሽ ብሎን ነው፤ በእነዚህ ብሎኑ ሳይፈታ መግፋት ጥፋት ነው።

አዲሷ ፒን ከየት ትመጣለች?

ብዙ ልጆች የሚያስቡት ምስማር ቆርጦ መክተትን ነው። ምስማር ለስላሳ ብረት ስለሆነ ቶሎ ይበላል። ልዩነቱን ለማየት በሞረድ ሞክሩት፤ ሞረዱ ምስማሩን ይነክሰዋል፣ የጠነከረውን ብረት ግን አንሸራቶት ያልፋል። የምንፈልገው ይህን ሁለተኛውን ነው።

እርሱም በጋራዥ ተጥሎ ይገኛል። ከአሮጌ ክሮቸራ ክዳን ውስጥ የሚወጡት መርፌ መሳይ ብረቶች እንደ ኩሽኔታ የጠነከሩ ናቸው። በአካባቢያችሁ ወዳለው ጋራዥ ሄዳችሁ «ጋሼ፣ የሚጣል አሮጌ ክሮቸራ ካለዎት ይስጡን» ብላችሁ በአክብሮት ብትጠይቁ የሚከለክል ብዙ አይኖርም። መርካቶ ምን አለሽ ተራም ለዚህ የሚያንስ አይደለም፤ የተጣለ ብረት ሌላ ዕቃ ሆኖ የሚወጣበት ሠፈር ነውና።

ስትመርጡ ያልተጫረውንና ያልዛገውን ውሰዱ። ውፍረቱን በካሊፐር ለኩ። መለኪያችሁ የአሮጌዋ ፒን መሐል ይሁን፤ ጫፎቿ ቢበሉም በኳሷ ውስጥ የተደበቀው ክፍል እንደ መጀመሪያው ነው። ረጅም ከሆነች በመቁረጫ ዲስክ ቁረጡ፤ ነገር ግን ቶሎ ቶሎ ውኃ ውስጥ ንከሯት። ብረቱ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ቀንሷል ማለት ነውና ሌላ ተኩበት።

አዲሷን በዚያው መሣሪያ ግፏት፤ በግራና በቀኝ እኩል ብቅ ማለቷንም ለኩ። አንዱ ወገን ከረዘመ ከኩባያው ውጪ ካለው ጋር ይጋጫል። ትንሽ ከላላች ዘንጉን በቤንዚን አጽድታችሁ ለብረት መጋጠሚያ የሚሆን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ ጨምሩ። ግሪስ ማብዛት ግን አቧራ ይሰበስባል። የኳሷ ቀዳዳ ራሱ ሞላላ ሆኖ ከሰፋ ፒን አይጠቅመውም፤ ዘንጉ መለወጥ አለበት።

ወላጆች ሆይ!

ይህን ሥራ ልጁ ብቻውን አይሥራው። የጠነከረ ብረት ሲሰበር ስብርባሪው እንደ ብርጭቆ ይፈናጠራል፤ ስለዚህ ሞርሳው ከመጥበቁ በፊት የሁሉም ሰው ዓይን በመነጽር ይሸፈን። ቤንዚንም ሆነ የጋለ ካውያ ከትንንሽ ልጆች ይራቅ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡ። ሴት ልጆቻችሁንም አትርሷቸው። ሞርሳ የሚፈልገው ዓይንና ትዕግሥት ነው፤ እነርሱም አላቸው።

ልጃችሁ ከዓመት በኋላ መኪናዋን ሊረሳት ይችላል። ገፊውና ዳዶዎቹ ግን በቆርቆሮ ተጠቅልለው ከተቀመጡ ለጎረቤት ልጅ መኪናም ያገለግላሉ። አንድ ነገር ሲበላሽም ወዲያው ወደ ቆሻሻ መጣያው ከመሄድ ይልቅ «እስኪ የቱ ጋ ነው?» ብሎ ገልብጦ የሚያይ ልጅ በቤታችሁ ይኖራል። ይህ ልማድ ነገ ለውኃ ቧንቧውም፣ ለልብስ ስፌት መኪናውም ይሠራል።

ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር በሌላ የእጅ ሥራ እንገናኛለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።