ወንድ የማይወጣበት የፓፓያ ዘር

በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በከሚሴና በቦርከና ሸለቆ ሞቃት አየር ውስጥ ፓፓያ ለጓሮ የሚስማማ ተክል ነው። ይሁንና ፍሬውን በልተን ዘሩን ስንተክል የሚበቅለው ወንድ ይሁን ሴት የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ አበባው ሲወጣ ነው። እናት ውኃ ተሸክማ ያሳደገችው ችግኝ ወንድ ሆኖ ሲገኝ ይቆረጣል፤ የባከነው ውኃና ድካም ግን አይመለስም።

ብዙዎች ይህን ለዕድል ይሰጡታል። እኛ ፊዚክስ የምናስተምር ሰዎች ግን ዕድልም ሕግ እንዳለው እናውቃለን። ሆፍሜየር በደቡብ አፍሪካ፣ ስቶሪ በሃዋይ እ.ኤ.አ. በ1938 ይህንኑ ሕግ በየፊናቸው አብራርተዋል። ፓፓያ ወንድ፣ ሴት ወይም ባለ ሁለት ጾታ ይሆናል። ሴቷ ከወንድ ብናኝ ስትቀበል ከዘሯ ግማሽ ያህሉ ወንድ ነው። ባለ ሁለት ጾታው በራሱ ብናኝ ሲራባ ግን ሁለት ሦስተኛው ባለ ሁለት ጾታ፣ አንድ ሦስተኛው ሴት ይሆናል፤ ወንድ አይገኝበትም።

ዘዴው ቀላል ነው። ፍሬው ረዘም የሚለውን ባለ ሁለት ጾታ ዛፍ መርጠን፣ ያልፈነዳውን እምቡጥ በወረቀት ከረጢት እንሸፍናለን። ፍሬ ሲይዝ ከረጢቱን አንሥተን በክር ምልክት እናደርግበታለን፤ ሲበስል ዘሩን ከልጋጉ አጥበን በጥላ እናደርቃለን። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ብናሳድግ ሦስቱም ሴት የመሆናቸው ዕድል ከ27 አንድ ብቻ ነው። አበባ ሲያወጡ ባለ ሁለት ጾታውን አስቀርተን ሌሎቹን እንነቅላለን። እርግጥ ብርቱ ሙቀትና የውኃ እጥረት የባለ ሁለት ጾታውን አበባ ሊያመክኑት ይችላሉ፤ ከድቅል ዝርያ የተገኘ ዘርም እናቱን ላይመስል ይችላል።

የተሻሻለ ዘር ገዝቶ መትከልን አንቃወምም። የምንቃወመው አንድ የወረቀት ከረጢት ብቻ የሚጠይቀው እውቀት በመማሪያ ክፍል ተዘግቶ መቅረቱን ነው። የሜንዴልን አተር ሸምድደን ፈተና እናልፋለን፤ የእናታችንን ፓፓያ ግን ቀና ብለን አናየውም። ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ በመጪው ክረምት ወደየቤታችሁ ስትመለሱ አንድ እምቡጥ ሸፍኑ፤ ምክንያቱንም ለቤተሰባችሁ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አስረዱ። ሳይንስ ከጓሮ ካልደረሰ ትምህርታችን ገና አልተፈተነም።